የሴንት ፒተርስ ጣዎሶችና የ2022ቱ ማርች ማድነስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ ማርች ማድነስ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ሲደርስ፣ በ2022 ከ15ኛ ደረጃ ተነሥቶ ከመጨረሻዎቹ ስምንት የደረሰው የሴንት ፒተርስ ቡድን ስም መነሣቱ አይቀርም፤ ሰው አዘውትሮ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብስቤያለሁ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ሴንት ፒተርስ የት ያለ ትምህርት ቤት ነው?

ኒው ጀርዚ፣ ጀርዚ ሲቲ ውስጥ። ከተማዋን ከማንሃተን የሚለያት የሃድሰን ወንዝ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት በ1872 የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ናቸው። እስከ 2012 ድረስ ኮሌጅ ነበር የሚባለው፤ ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ስሙ ቢያድግም ትምህርት ቤቱ ያው ትንሽ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ከ3,000 አይበልጡም። በስፖርቱ ግን የሚወዳደረው እነ ኬንታኪና ዱክ ያሉ ታላላቅ ቡድኖች ባሉበት በከፍተኛው ደረጃ፣ በዲቪዥን ዋን ነው፣ ማክ በሚባል አነስተኛ ሊግ ውስጥ።

የሚጫወቱበት አዳራሽ ስሙ "ረን ቤቢ ረን አሪና" ነው፤ የሚይዘውም 3,200 ሰው ገደማ። ስሙ የመጣው በ1967–68 ከነበረው ሯጭ ቡድን ነው። ያ ቡድን ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ዱክን 100 ለ71 አሸንፎ ነበር። የቡድኑ ቅጽል ደግሞ ፒኮክስ፣ ማለትም ጣዎሶች ነው። በዲቪዥን ዋን ይህን ወፍ አርማ ያደረገ ሌላ የለም።

"15ኛ ደረጃ" ማለት ምን ማለት ነው? 15ኛ ከሆኑ እኮ ጥሩ ናቸው ማለት አይደለም?

መሥሪያ ቤት ውስጥ ባልደረቦቻቸው ብራኬት (ማን እንደሚያሸንፍ የሚገመትበት ሰንጠረዥ) እንዲሞሉ ወረቀት የሰጧቸው ሰዎች በብዛት የሚጠይቁት ይህን ነው። ወደ ውድድሩ 68 ቡድኖች ይገባሉ፤ ከቅድመ ዙር በኋላ 64 ይቀራሉ። በአራት ምድብ ይከፈሉና በየምድቡ ከ1 እስከ 16 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ 15ኛ የሚባሉት አራት ቡድኖች ናቸው፤ ከጠቅላላው ሲታዩ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር 1ኛው ከ16ኛው፣ 2ኛው ከ15ኛው ይገናኛል። ጥሎ ማለፍ ስለሆነ የመልስ ጨዋታ የለም፤ የተሸነፈ በዚያው ምሽት ሻንጣውን ይሸክፋል።

ውድድሩ ወደ 64 ቡድን ካደገበት ከ1985 ጀምሮ እስከ 2021 ድረስ 15ኛው 2ኛውን ያሸነፈው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው። ከእነዚያ ዘጠኙ ሌላ ጨዋታ ጨምረው ከመጨረሻዎቹ 16 የገቡት ሁለት ናቸው፦ ፍሎሪዳ ገልፍ ኮስት በ2013 እና ኦራል ሮበርትስ በ2021። ከመጨረሻዎቹ ስምንት የገባ ግን አልነበረም። ሴንት ፒተርስ የመጀመሪያው ሆነ።

ወደ ውድድሩ የገቡት እንዴት ነው?

በሊጋቸው ዋንጫ። እንደ ማክ ካሉ ትንንሽ ሊጎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው የሊጉን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ የወሰደው አንዱ ቡድን ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጎበዝ ሆኖ በዚያች ሳምንት የተሰናከለ ቤቱ ይቀራል።

ሴንት ፒተርስ ዓመቱን የጀመረው ማንም ዞር ብሎ እንዳያየው ሆኖ ነው። በፌብሩዋሪ መጨረሻ አካባቢ 12 አሸንፎ 11 ተሸንፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ማሸነፍ ጀመረና አላቆመም። መደበኛውን ውድድር በ14 ድልና በ6 ሽንፈት ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ አንደኛው በታዋቂው ሪክ ፒቲኖ የሚሠለጥነው አዮና ነበር። አትላንቲክ ሲቲ ላይ በተደረገው የሊጉ ዋንጫ ግን አዮና በሩብ ፍጻሜ በራይደር በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ወጣ። ሴንት ፒተርስ ፌርፊልድን፣ ኩዊኒፒያክን፣ በመጨረሻም ማርች 12 ቀን ሞንማውዝን 60 ለ54 አሸንፎ አለፈ። አዮና ባይወድቅ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር የሚሉ አሉ። ይችል ነበር፤ ግን የዋንጫ ውድድር የተሠራው እንዲህ እንዲሆን ነው።

ማንን ማንን አሸነፉ?

ማርች 17 ኢንዲያናፖሊስ ላይ 2ኛ ደረጃ የተሰጠውን ኬንታኪን በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ79። ማርች 19 እዚያው 7ኛውን፣ መሪ ስቴት (Murray State) የሚባለውን ትምህርት ቤት 70 ለ60። ማርች 25 ፊላዴልፊያ ላይ 3ኛውን ፐርዱን 67 ለ64። ማርች 27 ደግሞ በ8ኛው ሰሜን ካሮላይና 69 ለ49 ተሸንፈው ወጡ። የዓመቱ ድምር 22 ድል፣ 12 ሽንፈት።

ከዚያ በፊት ሴንት ፒተርስ በ1991፣ በ1995 እና በ2011 ገብቶ ሦስቱንም በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፏል። ኬንታኪ ላይ ያገኙት ድል በትምህርት ቤቱ ታሪክ በዚህ ውድድር የመጀመሪያው ነበር ማለት ነው።

ኬንታኪን ያሸነፉበት ጨዋታ ለምን ያን ያህል ይወራለታል?

ኬንታኪ ስምንት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ የሉቡምባሺው ልጅ፣ ኮንጓዊው ኦስካር ችብዌ የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለበት ነበር። አቋማሪ ድርጅቶች ኬንታኪ በ18 ነጥብ ገደማ ያሸንፋል ብለው ነበር። የአሰልጣኞቹን ደመወዝ ብናይ፣ በወቅቱ እንደተዘገበው፣ የኬንታኪው ጆን ካሊፓሪ በዓመት ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያገኝ የሴንት ፒተርሱ ሻሂን ሆሎዌይ የሚያገኘው 266 ሺህ ገደማ ነበር።

ችብዌን ማንም አላቆመውም፤ 30 ነጥብ አስቆጥሮ 16 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ወሰደ። ሴንት ፒተርስ ያቆመው ሌሎቹን ነው። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር ከተቀያሪ ወንበር የገባው ዳግ ኤደርት ወደ ቅርጫቱ ቀርቦ ኳሷን ከፍ አድርጎ በመልቀቅ 71 እኩል አደረጋት። ኬንታኪ መልስ አጣ። ተጨማሪው ሰዓት ላይ ታላቁ ቡድን ሲጨነቅ ትንሹ ሲረጋጋ በግልጽ ይታይ ነበር። ዳሪል ባንክስ 27፣ ኤደርት 20 ነጥብ ይዘው ወጡ። ጨዋታውን ደግሜ ሳየው ከሁሉ የሚገርመኝ የሴንት ፒተርስ ልጆች በመጨረሻ አለመጯጯኻቸው ነው፤ ከደስታቸው ይልቅ ሥራቸውን የጨረሱ ሰዎች መምሰላቸው ይበልጣል።

ያ ሪዛሙ ልጅ ማን ነው?

ዳግ ኤደርት ነው፤ እዚያው ኒው ጀርዚ፣ ነትሊ ያደገ። ቋሚ ተሰላፊ አልነበረም፤ ማክ የዓመቱ ምርጥ ተቀያሪ ብሎ የሸለመው ነው። የፊልም ፖሊስ የሚመስለው ሪዙ በሁለት ቀን ውስጥ አገር አወቀው፤ ባፋሎ ዋይልድ ዊንግስ የሚባለው የዶሮ ክንፍ ምግብ ቤትም የማስታወቂያ ውል ሰጠው። የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በመልኩ ገንዘብ እንዲያገኝ የተፈቀደው ከጁላይ 2021 ጀምሮ ስለሆነ፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኤደርት ከሪዙ አምስት ሳንቲም አያገኝም ነበር።

ቡድኑ ውስጥ አፍሪካውያን ነበሩ?

አዎ። ሃሰንና ፉሴይኒ ድራሜ የሚባሉ መንትያዎች ከማሊ፣ ከባማኮ የመጡ ናቸው። ሁለቱም ቁመታቸው ሁለት ሜትር ገደማ ስለሆነ በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ሲለያቸው ይቸገር ነበር። በነጥብ ብዙም ስማቸው አይነሣ እንጂ የቡድኑ ዋና ሥራ፣ መከላከልና ሪባውንድ፣ በእነሱ ትከሻ ላይ ነበር።

አሰልጣኙስ ማን ነው?

ሻሂን ሆሎዌይ የኒው ዮርክ፣ የኩዊንስ ልጅ ነው። በ1996 የአሜሪካ ምርጥ የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች በተገናኙበት የማክዶናልድስ ጨዋታ ላይ ኮቢ ብራያንት እያለ የጨዋታው ኮከብ የተባለው እሱ ነበር። ከዚያ ለሴተን ሆል ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። በ2000 ውድድር ኦሬጎንን በተጨማሪ ሰዓት ያሸነፉት እሱ ሜዳውን ሙሉ ሰንጥቆ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሰከንዶች ውስጥ ባገባት ኳስ ነው። ኤንቢኤ ግን አልተሳካለትም። በሴተን ሆል ምክትል አሰልጣኝ ሆኖ ቆይቶ በ2018 ሴንት ፒተርስን ተረከበ።

ከኬንታኪና ከመሪ ስቴት በኋላ ተጫዋቾቹ የሌሎቹ ጉልበት አስፈርቷቸው እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የኒው ጀርዚና የኒው ዮርክ ልጆች ይዞ ምን እንደሚፈራ መልሶ ጠየቀ። ንግግሩ ተወዳጅ የሆነው ለፉከራ ስላልነበረ ነው፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ እንኳ የለም።

ዕድል ነው ወይስ ችሎታ?

ይህን ጥያቄ በደንብ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም "ተአምር" የሚለው ቃል የልጆቹን ሥራ የሚሸፍን ይመስለኛል። አንድ ጨዋታ በዕድል ማሸነፍ ይቻላል፤ ከርቀት የወረወሩት ሁሉ ዝም ብሎ የሚገባበት ቀን አለ። ሴንት ፒተርስ ግን ከርቀት የሚያዘንብ ቡድን አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ በአማካይ ከ12 ነጥብ በላይ የሚያገባ አንድ ተጫዋች እንኳ አልነበረውም። የሚያሸንፉት ተጋጣሚን ሲያስጨንቁ ነው።

የመከላከሉ ማዕከል ኬሲ እንዴፎ ነበር። በሊጉ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ምርጥ ተከላካይ የተባለ፣ በ2020–21 ደግሞ በአንድ ጨዋታ በአማካይ በሚያደርገው ብሎክ (የተጋጣሚን ውርወራ መመከት) ከመላው ዲቪዥን ዋን አንደኛ የነበረ ልጅ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አጭር ነው ሊባል ይችላል፤ ግን የሚዘለው ተጋጣሚው ከለቀቀ በኋላ እንጂ በማታለያው አይደለም። እሱ ከኋላ ስላለ የፊቶቹ ተከላካዮች ኳስ የያዘውን ሰው ተጣብቀው ያስጨንቃሉ፤ ቢያመልጣቸውም እንዴፎ አለ። ሆሎዌይ ደግሞ ዘጠኝ አሥር ሰው እያፈራረቀ ስለሚያስገባ የሚደክም የለም።

ይህ አሠራር ከሁሉ በላይ የታየው ፐርዱ ላይ ነው። ፐርዱ በአማካይ 80 ነጥብ ገደማ የሚያገባ፣ 2 ሜትር ከ24 የሚረዝመውን ዛክ ኢዲን ከታች፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ኤንቢኤ የገባውን ጄደን አይቪን ከላይ የያዘ ቡድን ነበር። ኢዲን በቁመት የሚስተካከለው ስለሌለ መፍትሔው ኳሷ እሱ ጋ ሳትደርስ አቀባዩን ማስጨነቅ ሆነ። አይቪ ስድስት ኳስ አበላሸ፤ ያገባውም 9 ነጥብ ብቻ ነው። ቡድኑ በጠቅላላ 15 ኳስ አበላሽቶ በ64 ነጥብ ተገታ። አይቪ በመጨረሻው ሰከንድ የወረወራት ሦስት ነጥብም አጠረች። ከዚያ ቀደም የተሸነፈው መሪ ስቴት ደግሞ እስከዚያች ቀን 31 ጨዋታ አሸንፎ 2 ብቻ የተሸነፈ ነበር። በአሥር ጨዋታ ተከታታይ ድል ውስጥ እነዚህን ሁሉ በዕድል ነው ያለፉት የሚል ካለ ጨዋታዎቹን አላየም።

ዕድሉ ሌላ ቦታ ነው። አንዱ የአዮና መሰናከል ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔ የሚበልጠው፣ እነዚህ ልጆች ሦስት አራት ዓመት አብረው መቆየታቸው ነው። እንዴፎ በ2021 ልሂድ ብሎ ስሙን ካስመዘገበ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ። ባይመለስ ይህን ገጽ የሚያነብ አይኖርም ነበር።

ታዲያ ሰሜን ካሮላይና እንዴት በ20 ነጥብ አሸነፋቸው?

ሰሜን ካሮላይና 8ኛ ደረጃ ይሰጠው እንጂ በዚያ ሰሞን የ8ኛ ቡድን አልነበረም፤ የዓመቱ መጀመሪያ አበላሽቶበት ዝቅ ተደረገ እንጂ። ሴንት ፒተርስ ጋ ሳይደርስ 1ኛ ደረጃ የነበረውን ቤይለርን አስወጥቷል። ቀጥሎ ዱክን አሸንፎ የማይክ ሽሼቭስኪን የአሰልጣኝነት ዘመን ዘጋ፤ በፍጻሜው በካንሳስ የተሸነፈው በ3 ነጥብ ነው።

ጨዋታው ከመጀመሪያው ነው ያለቀው፤ እረፍት ሲወጡ 38 ለ19 ነበር። አርማንዶ ቤኮት 20 ነጥብና 22 ሪባውንድ ወሰደ። ሴንት ፒተርስ ሲስት ሁለተኛ ዕድል አያገኝም፤ ሰሜን ካሮላይና ሲስት ግን ቤኮት አለ። መከላከል የሚያሸንፈው ጨዋታው ጠባብ ሆኖ ሲቆይ ነው። ቀድሞ ከራቀ ግን ነጥብ የሚያዘንብ ሰው ያስፈልጋል፤ ሴንት ፒተርስ ደግሞ ያ ሰው አልነበረውም።

ትምህርት ቤቱ ስንት ገንዘብ አገኘ?

ሰው እንደሚያስበው ቼኩ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ አይሄድም። የኮሌጅ ስፖርቱን የሚመራው ድርጅት ኤንሲኤኤ የሚከፍለው ለሊጉ ነው። አንድ ቡድን ከፍጻሜው በፊት ለተጫወተው ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሊጉ አንድ "ዩኒት" ያገኛል፤ ዩኒቱ በስድስት ዓመት ውስጥ ተከፋፍሎ ይከፈላል። በዚያ ጊዜ የአንዱ ዩኒት ጠቅላላ ዋጋ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሴንት ፒተርስ አራት ጨዋታ ስለተጫወተ ለማክ ያስገኘው በስድስት ዓመት ወደ 8 ሚሊዮን ይጠጋል። ሊጉ ደግሞ ለአባላቱ ያከፋፍለዋል፤ አዮናም ከዚያው ይቋደሳል።

ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ የገባው ስጦታ፣ የማልያና የቲሸርት ሽያጭ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሙ ነው። ማስታወቂያ ገዝቶ ያን ያህል ስም ማግኘት ለእንደዚህ ያለ ትምህርት ቤት የማይታሰብ ነው።

እነዚያ ተጫዋቾች ከዚያ በኋላ የት ሄዱ? ቡድኑስ ለምን ተበተነ?

ከሽንፈቱ ሦስት ቀን በኋላ፣ ማርች 30፣ ሆሎዌይ የሴተን ሆል ዋና አሰልጣኝ ሆነ። የተማረበትና ስሙን ያተረፈበት ቤት ስለሆነ ማንም አልተገረመም። ተጫዋቾቹ ተከትለው ተበተኑ። እንዴፎ ከአሰልጣኙ ጋር ሴተን ሆል ገባ። ባንክስ ሴንት ቦናቬንቸር፣ ኤደርት ብራያንት፣ ማቲው ሊ ሚዙሪ ስቴት፣ ክላረንስ ሩፐርት ሳውዘርን ኢሊኖይ ሄዱ። የድራሜ መንትያዎች ሳይነጣጠሉ ላ ሳል ገቡ።

በቁጣ "ከዱ" የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በ2021 የወጣው ደንብ ተጫዋች አንድ ዓመት ቤንች ላይ ሳይቀመጥ ትምህርት ቤት እንዲቀይር ፈቀደ። አሰልጣኝ ሁልጊዜም የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ይሄዳል፤ ተጫዋቹ ያንኑ ሲያደርግ ክህደት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፦ ያ ቡድን አንድም ጊዜ እንደ ታዋቂ ቡድን በራሱ አዳራሽ፣ በራሱ ሕዝብ ፊት ሳይጫወት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሴንት ፒተርስ ምን ሆነ?

የጀርዚ ሲቲው ተወላጅ ባሺር ሜሰን ከዋግነር መጥቶ ተረከበ። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር፤ ቡድኑ ከባዶ ነው የተሠራው። በ2024 ግን እንደገና የማክን ዋንጫ ወስዶ፣ እንደገና 15ኛ ደረጃ ተሰጥቶት ገባ። ይህኛው ግን በቴኔሲ 83 ለ49 ተሸነፈ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሽንፈቱን ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ቡድን ከምንም ሠርቶ እዚያ መመለስ ግን ቀላል ሥራ አይደለም።

ሌላ ትንሽ ኮሌጅ ይህን መድገም ይችላል?

በ2023 ፕሪንስተን ከ15ኛ ደረጃ ተነሥቶ አሪዞናን አሸንፎ ከመጨረሻዎቹ 16 ገባ፤ እዚያ ቆመ። በዚያው ዓመት ፌርሊ ዲኪንሰን ከ16ኛ ደረጃ ተነሥቶ 1ኛውን አሸነፈ፤ ተሸናፊው ያው ፐርዱ ነበር። የሚገርመው ሦስቱም ትምህርት ቤቶች ኒው ጀርዚ ውስጥ ናቸው። እስከ 2025ቱ ውድድር ድረስ ግን ከ15ኛ ደረጃ ተነሥቶ ከመጨረሻዎቹ ስምንት የደረሰ ሌላ የለም።

አንድ ምሽት ትልቅ ቡድን ማሸነፍ አሁንም ይቻላል። ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ነው እየከበደ የመጣው። ሴንት ፒተርስን የሠራው ልጆቹ አብረው ማደጋቸው ነበር፤ ዛሬ በትንሽ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅ ሦስተኛውን ዓመት የሚጫወተው በገንዘብ በገዛው ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። በ2025 ከመጨረሻዎቹ 16 የገቡት ቡድኖች በሙሉ ከአራት ሀብታም ሊጎች የመጡ ነበሩ፤ ሰባቱ ኬንታኪ ካለበት ከኤስኢሲ ብቻ።